እንቅልፍ የነሳን ምንድን ነው?
ስለ እንቅልፍ ኪኒን ለዲላ ሕዝብ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሳችን የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ስለ ኪኒኑ ከመናገሬ በፊት ግን ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ዘመን ላንሳ። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ፣ በሰኔ ደግሞ ብሶ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ገደብ፣ ኮቸሬና ይርጋጨፌ ያላቸውን ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና አዳራሽ ከፍተው ሰው አስጠለሉ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የጎቲቲ መጠለያ ስም በአገሩ ሁሉ የተሰማው በዚሁ መከራ ነበር። እህሉ በኩንታል ተለካ፣ ሸራው ተቆጠረ፣ ውኃው በቦቴ ተመላለሰ። ሌሊቱ ግን የሚለካበት መዝገብ አልነበረውም።

ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ሲመሽ የሚሆነውን አስቡ። ሰውነቱ ዝሏል፣ ዐይኑ ከብዶታል። ሸለብ ሊያደርገው ሲል ውሻ ይጮሃል፤ ወይም ከጎኑ የተኛው ይገላበጣል። ብድግ ይላል፣ ልቡ ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ እንቅልፍ በዐይኑ አይዞርም። ትንሽ ቢወስደው እንኳ ያ ቀን በቅዠት ተመልሶ ይመጣበታል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዞኑ ተፈናቃዮች መካከል አድርገው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። እንቅልፍ ማጣትና ቅዠት ከዚህ ሕመም ዋና ምልክቶች መካከል ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስለ ፍርሃቱ አያወራም። «ራሴን ያመኛል» ይላል፤ ወይም «የሚያስተኛ ነገር ስጡኝ» ይላል። ከውጭ ረጅም ሰልፍ ያለበት ባለሙያ እጁ የሚደርስበት መድኃኒት ዳያዜፓም ነው። ርካሽ ነው፣ ይገኛል፣ በዚያች ሌሊት ያስተኛል። ባለሙያው ይህን ማድረጉ ከርኅራኄ እንጂ ከክፋት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ግን፣ አሰቃቂ ነገር ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንቅልፍ ላጣ አዋቂ ዳያዜፓምንና ወገኖቹን አትስጡ ይላል። ኪኒኑ ሕመሙ ሥር እንዳይሰድ አይከላከልም። የፈራ አእምሮ «አደጋው አልፏል» የሚለውን ቀስ በቀስ የሚማረው በነቃ ልብና በደህና እንቅልፍ ሲሆን፣ ኪኒኑ ይህን ትምህርት ያደበዝዘዋል። ከዚያም በላይ ሰውዬው አንዱን መከራ ሳይወጣ ሌላ ሱስ ይጨመርበታል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይህ ነው፦ የእንቅልፍ ኪኒን ለጥቂት ሌሊት ዕረፍት ሊሰጥ ይችላል፤ እንቅልፍ የነሳንን ነገር ግን አያክምም። ስለዚህ ኪኒኑን ከመዋጣችን በፊት እንቅልፍ የነሳን ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። መልሱ እዚህ ጌዴኦ ውስጥ አንዳንዴ የልብ ስብራት ነው፣ አንዳንዴ የሰውነት ሕመም ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ እጓሯችን የበቀለው ቡና ነው።

እስቲ ከቡናው እንጀምር። ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። ቀኑ በረዘመ ቁጥር እሱም ይበዛል፤ ማታ ላይ ሰውነታችንን የሚያከብደው፣ ዐይናችንን የሚከድነው እሱ ነው። አዴኖሲን ሥራውን የሚሠራው በአንጎል ሴሎች ላይ በተዘጋጀለት መቀመጫ ላይ ሲያርፍ ነው። ካፌይን መልኩ ከእሱ ጋር ስለሚቀራረብ ቀድሞት ይቀመጣል፤ ባለቤቱ መጥቶ ወንበሩ ተይዞበት ደጅ እንደሚቆም እንግዳ ይሆናል። ድካሙ አልጠፋም፣ መድረሻ አጣ እንጂ።

ካፌይን በጤነኛ አዋቂ ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹን በደሙ ይዞ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀነሰባቸው በመሣሪያ ለክቷል። ሰዎቹ ግን ይህን ያህል መቀነሱን አላስተዋሉም። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው ስለ መተኛቱ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ እንቅልፉ ጥልቀት ግን እሱ ራሱ ምስክር መሆን አይችልም።

የሁሉም ሰውነት አንድ አይደለም። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ላይ ባለች ሴት ያ አምስት ሰዓት ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን በምትወስድ ሴት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሲፕሮ ብለን የምንጠራው፣ ለሆድና ለሽንት ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዘው መድኃኒትም ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገያል። ሲፕሮ ተጽፎላት እቤቷ እየዋለች፣ ጎረቤት እየመጣ ሦስቴ ቡና የሚፈላላት ሴት እንቅልፍ ብታጣ፣ የሚያስፈልጋት ለሳምንት ያህል ቡናውን መቀነስ እንጂ ተጨማሪ ኪኒን አይደለም።

ይህን የምለው ቡናን ለመንቀፍ አይደለም። የጌዴኦ የባህል መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው ከእንሰትና ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናን ተንከባክቦ ባቆየው ገበሬ እጅ ነው። ቡና ሲጠጣ ጎረቤት ይገናኛል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፤ ይህ ራሱ ለእንቅልፍ ይጠቅማል። ሰዓቱን ብቻ ቀደም እናድርገው። እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ሳይጠጣ ሁለት ሳምንት ይሞክር። ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ አብሮ ይቀመጥ፣ ቁርሱን ይብላ፣ ሲኒውን ብቻ ይለፍ። ለወትሮው ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ካቋረጠ ለጥቂት ቀን ራሱን ስለሚያመው ቀስ እያለ ይቀንስ።

የጫቱ ነገር ከዚህ ይከፋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃበት መንገድ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። ምርቃናው ሲይዝ ሌሊቱ አይነጋም፤ ስለዚህ ሰዉ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፣ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። አረቄው አልበቃ ያለው ደግሞ ዳያዜፓም ይጨምርበታል። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አለብኝ፦ አልኮልና ዳያዜፓም ሁለቱም ትንፋሽን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያደክማሉ። ለየብቻ ሲወሰዱ የማይገድሉ መጠኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ሊገድሉ ይችላሉ። ጓደኛችሁ ጠጥቶ ኪኒን ወስዶ ሲያንኮራፋ «ተኝቷል» ብላችሁ አትተዉት። ስትጠሩት የማይነቃ ከሆነ በጎኑ አስተኙትና ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ ልግባ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ። ሰው ለእንቅልፍ በፋብሪካ የተሠራ መድኃኒት መውሰድ የጀመረው በ1869 ክሎራል ሃይድሬት የሚያስተኛ መሆኑ በጀርመን አገር ሲታወቅ ነው። በ1903 ባርቢታል መጣና ቬሮናል በሚል ስም ተሸጠ፤ በ1912 ፌኖባርቢታል ተከተለ። እነዚህ መድኃኒቶች በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ብዙ ሰው በእነሱ ሞቷል። ከዚያ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ ኮንተርጋን ተብሎ ለገበያ ወጣ። ጉዳት የሌለው የእንቅልፍ መድኃኒት ተብሎ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጥ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮችም ወሰዱት። በኅዳር 1961 ከምዕራብ ጀርመን ገበያ ተነሣ፤ በእሱ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። አሜሪካ ከዚህ መዓት በአብዛኛው የዳነችው ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ማስረጃው አይበቃኝም» ብላ ፈቃዱን ስለከለከለች ነው። ይህቺን ሴት አስታውሱልኝ፤ የመድኃኒት ቁጥጥር የቢሮ ወረቀት ብቻ ለሚመስለው ሰው መልሱ እሷ ናት።

ዳያዜፓም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሊዮ ስተርንባክ የሚባል ኬሚስት የሮሽ ኩባንያ ባልደረባ ሆኖ ከሠራቸው መድኃኒቶች የመጀመሪያው በ1960፣ ዳያዜፓም ደግሞ ቫሊየም ተብሎ በ1963 ለገበያ ቀረበ። በእርግጥም ከባርቢታል ወገን ይልቅ ገዳይነቱ ያነሰ ነው፤ ለሚጥል በሽታ ድንገተኛ ሕክምናና ለሌሎች ሕመሞች ዛሬም ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ሱስ እንደሚያስይዝ የታወቀው ሚሊዮኖች ከለመዱት በኋላ ነበር። በ1988 የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ዳያዜፓምና ወገኖቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ እንዲታዘዙ መከረ። በ1992 አሜሪካ የፈቀደችው ዞልፒዴም የተባለው ደግሞ «ይኼኛው ሱስ የለውም» ተብሎ ተወደሰ። በ2013 በሴቶች ደም ውስጥ እስከ ጠዋት እንደሚቆይ ተደርሶበት የሴቶች መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም ወረደ። በ2019 ሰዎች ሳይነቁ ተነሥተው እስከ መሄድ፣ እስከ መንዳት እንደሚደርሱ ተጽፎ ከባዱ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት። ከመቶ ዓመት በላይ እያንዳንዱ መድኃኒት ከቀደመው ይሻላል ተብሎ መጥቷል፤ ጉዳቱን ያወቅነው ግን ሁልጊዜ ዘግይተን ነው። አዲስ ኪኒን «ይኼኛው ምንም አያደርግም» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ይህን ታሪክ አስቡ።

ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? አንጎላችን ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ኬሚካል አለው፤ ኪኒኑ የጋባን ጉልበት ይጨምራል። ችግሩ ቶሎ አለመውጣቱ ነው። ከአንድ ኪኒን ግማሹ እስኪወገድ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ሰውነት ከእሱ የሚሠራው ሌላው ቅመም ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። በየማታው የሚውጥ ሰው የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬውን ይደርብበታል። ሳምንት ሲሞላው ቀን ቀን ያንጎላጀዋል፣ ነገር ይረሳል፣ እጁ ይዘገያል። ከዲላ ወናጎ፣ ከወናጎ ይርጋጨፌ የሚመላለስ የባጃጅ ወይም የሞተር አሽከርካሪ ማታ የዋጠው ኪኒን ጠዋት መሪው ላይ አብሮት ይቀመጣል።

ለሽማግሌዎች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግደው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ሌሊት ለሽንት ይነሣል፤ መጸዳጃው ከቤት ውጭ ነው፤ የእኛ አገር ደጅ ደግሞ ተዳፋት ነው፣ ዝናብ ካለ ያንሸራትታል። የዳሌ አጥንት ስብራት ለሰባ ዓመት ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አለመነሣት ነው። አባትህ እንቅልፍ አጣሁ ካለህ ኪኒን ገዝተህ ከመስጠትህ በፊት ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሣ ጠይቀው። ስኳር ወይም ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲታከም እንቅልፉ አብሮ ይመለሳል። በጣም እያንኮራፋ ትንፋሹ በመሀል ቁርጥ የሚልበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ኪኒኑን ያለ ሐኪም ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም።

የእንቅልፍ ኪኒን ተብለው ሳይጠሩ ለእንቅልፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። አሚትሪፕቲሊን ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ ነው፤ ስለሚያስተኛ በትንሽ መጠን ለእንቅልፍም ይታዘዛል። ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት መቆለፍ አለበት፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ቁልፉን ሌላ ሰው መያዝ አለበት። ለአለርጂና ለትውከት የሚሰጠውን ፕሮሜታዚን የሚያለቅስ ሕፃን ለማስተኛት የሚጠቀሙ ወላጆች አሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህ መድኃኒት ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ክልክል ነው። ፌኖባርቢታል ደግሞ በአገራችን ዋናው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ከታማሚው ወንድም ወይም እህት እየተቀነሰ ለእንቅልፍ ሲዋጥ ሁለት ሰው ይጎዳል፦ አንዱ ሱስ ይይዘዋል፣ ሌላው መድኃኒቱ ስላለቀበት ይጥለዋል። እሳት መሀል ቤት በሚነድበት ጎጆ የሚጥለው ሰው የት ሊወድቅ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በሕጋችን እንደ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ያሉ ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች የሚሸጡት በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ ነው፤ ቁጥጥሩም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ፋርማሲስቱ «ያለ ወረቀት አልሸጥም» ሲላችሁ አትቆጡት፤ ስለ እናንተ ብሎ ነው።

ታዲያ ኪኒን ካልሆነ ምን? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ኪኒን ሳይሆን በንግግርና በልማድ ለውጥ የሚደረገው ሕክምና ይሁን ብሏል፤ የአውሮፓ ባለሙያዎችም በዓመቱ ይህንኑ አጽንተዋል። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። መቼም ተኛ መቼም፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። እንቅልፍ ሳይመጣ አለመተኛት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ዐይን ሲከብድ መመለስ። ቀን አለመተኛት። ጠዋት ፀሐይ ላይ መውጣት፤ ይኼኛው ለእኛ ቀላል ነው፣ ዲላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ድካሙ ይብሳል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው በኋላ እንቅልፉ መሰብሰብ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ ያለበትና ሌሊት የሚያሽከረክር ሰው ግን ያለ ባለሙያ ምክር በዚህ መንገድ እንቅልፉን ማሳጠር የለበትም።

እነዚህ ምክሮች የተጻፉት የራሱ መኝታ ክፍል ላለው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት «ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ማለት አይቻልም። መደቡ ላይ ቁጭ ማለት፣ እሳቱ ዳር ተጠግቶ በዝምታ መቆየት፣ የሚጸልይም ከሆነ መጸለይ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ ተጋድሞ ከጭንቀት ጋር አለመታገል ነው። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ ሰውም አለ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀን የተለቀመው እሸት ማታ ሲፈለፈል እኩለ ሌሊት ያልፋል። እሱ ቤቱ ሲገባ ጎሕ ሳይቀድ ይተኛ፣ መስኮቱን በጨርቅ ይከልል፤ የሥራውን መጨረሻ ሰዓታት በቡና አይግፋቸው። ቤተሰቡም ቀን መተኛቱን እንደ ስንፍና አይይበት።

በዚያ የመፈናቀል ዘመን እንቅልፋቸውን ላጡት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ነገር አለ። ሰው በማይታመን ሰፈር ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ አይተኛም፤ ይህ ሕመም ሳይሆን ጤና ነው። ስለዚህ የጌዴኦና የጉጂ አባቶች በጎንዶሮ ሥርዓት ደም ሲያደርቁ፣ በሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ድንበርና ካሳ ሲጨርሱ፣ ለእንቅልፍም እየሠሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰላሙ ተመልሶም ቅዠቱ ካልለቀቀ ግን ጉዳዩ የሕክምና ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል አለው፤ በሆስፒታሉ ባለሙያ አለ። ለዚህ ሕመም የሚረዳ በንግግር የሚሰጥ ሕክምናና ዳያዜፓም ያልሆነ መድኃኒት አለ። እዚያ መሄድ ዕብደት አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ የሚነቃ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይል ይሂድ።

በመጨረሻ አሁን ኪኒኑን እየወሰዳችሁ ላላችሁ። ዛሬ ሰምታችሁ ማታውኑ እንዳትጥሉት እለምናችኋለሁ። ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቃዣል፣ ሊጥለውም ይችላል። መቀነስ ያለበት በባለሙያ ክትትል ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከሩብ በማይበልጥ መጠን፣ ለብዙ ዓመት ለወሰደው ደግሞ ከዚያም በቀስታ። መጠኑ በተቀነሰ ቁጥር ጥቂት ሌሊቶች መጥፎ ይሆናሉ። ይህ «ያለ ኪኒን መኖር አልችልም» ማለት አይደለም፤ አንጎል የራሱን ጋባ መልሶ እየለመደ ነው። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ እነዚያን ሌሊቶች አብሮት የሚነቃ ሰው ያለው ሰው ይበረታል። ቀጠሮ ስትሄዱ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የራስ ምታቱንም የሲፕሮውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀን ስንት ሲኒ ቡና እንደምትጠጡም ሳትጠየቁ ንገሩ።